ሻሚሰኔ ጥዝዝ ይላል፤ የቱን ላስቁም፣ የቱን ልተው?

ሂሮሳኪ ያለችው | ቅዳሜ ማታ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከሰሜን ጃፓን፣ አኦሞሪ ግዛት ውስጥ ካለችው ከሂሮሳኪ ከተማ ነው። ለትምህርት ከመጣሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አካባቢው የጹጋሩ ሻሚሰን አገር ነውና እኔም ባለፈው መስከረም ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ አንድ ያገለገለ ሻሚሰን ገዛሁ። ፉቶዛኦ የሚሉት ባለ ወፍራም አንገቱ ዓይነት ነው። ለማያውቁት፦ ሦስት አውታር ያለው፣ ገላው አራት ማዕዘን ሆኖ እንደ ከበሮ በቆዳ የተወጠረ፣ ባቺ በሚባል ሰፊ መምቻ የሚመታ መሣሪያ ነው።

ችግሬ ጥዝዝታ ነው። ወፍራሙን አንደኛ አውታር በባዶው ስመታው ጣሳ ውስጥ እንደገባ ዝንብ ጥዝዝ ይላል። ቀጭኑን ሦስተኛ አውታር ደግሞ ከአንገቱ መካከል ዝቅ ብዬ ስጫነው ይንቀጫቀጫል። ከሁለቱ የባሰ የመሰለኝ የመጀመሪያው ስለነበር ወረቀት አራት ጊዜ አጥፌ ከመቃኛዎቹ ግርጌ፣ አውታሩ እንጨቱን በሚነካበት ቦታ ሰካሁበት። ድምፁ ጸጥ አለልኝ። ደስ ብሎኝ ሐሙስ ዕለት ትምህርቴ ላይ ይዤው ሄድኩ።

መምህሬ ከሰባ ዓመት በላይ የሆናቸው አዛውንት ናቸው። መሣሪያውን ተቀብለው አንድ ጊዜ ብቻ መቱት። ከዚያ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው አንገቱን አዩና ወረቀቷን በጥፍራቸው ጫፍ መዘዟት። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳበስ አደረጓት፤ አልተቆጡም። ቀጥለው ከአንገቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣታቸው ነካ ሲያደርጓት ጥዝዝታው ከበፊቱ በርትቶ ተመለሰ። «ሳዋሪ» አሉኝ፤ ሌላም ብዙ ነገር ተናገሩ፤ ጃፓንኛዬ ግን እስከዚያ አይደርስም።

ለምን መለሱት? ሳዋሪ ምንድን ነው? ሁለተኛውን ጥዝዝታ ምን ላድርገው? የምታውቁ እባካችሁ።


ጊታር ጠጋኝ | ቅዳሜ ማታ

እህቴ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ሰላም። ሥራዬ ጊታር መጠገን ነው፤ ሻሚሰን በእጄ ይዤ አላውቅም። በጊታር ግን ባዶ አውታር ጥዝዝ ካለ የላይኛው መደገፊያ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ከፍ ይደረጋል። ወረቀት መስካትሽም ለጊዜው ትክክለኛ ዘዴ ነበር፤ እኛም እናደርገዋለን። መምህርሽ ለምን እንዳወጡት አልገባኝም።


የሰላሌው በገና | እሑድ ጠዋት

ልጄ፣ እንደምን አለሽ። ስለ ጃፓን መሣሪያ የማውቀው የለኝም፤ በገና ግን ከልጅነቴ ጀምሮ ደርድሬአለሁ። ጽሑፍሽን አንብቤ ስጨርስ መምህርሽን እንደማውቃቸው ሆኖ ተሰማኝ።

በገና ያለ ጥዝዝታ በገና አይደለም። በአሥሩም አውታሮችና በብርኩማው መካከል እንዚራ የምንላት ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ትገባለች። አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳዋንና ብርኩማውን እየነካካ ያን የምታውቂውን ጥልቅ ድምፅ ያወጣል። እንዚራዋን አውጪና ደርድሪው፤ የቀረው ደረቅ የአንጀት ድምፅ ነው፣ ልብ ውስጥ አይገባም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ተማሪ በብዛት ይመጣልኛል፤ ከቅኝትም ከጣትም ይልቅ የሚያስቸግራቸው እንዚራ ማስቀመጥ ነው። የፀጉር ስፋት ታህል ወደ ፊት ብትገፋ ድምፁ ይታፈናል፣ ወደ ኋላ ብትስብ ይጠፋል። አንዱን አውታር ለማስተካከል ግማሽ ሰዓት የተቀመጥኩበት ቀን አለ።

መምህርሽ የመለሱልሽ እንዚራ ይመስለኛል። በደንብ የሚያውቅ ካለ ያርመኝ።


ኦሳካ 15 ዓመት | እሑድ ከሰዓት በኋላ

ጋሼ፣ የሚታረም ነገር የለውም። ያሉት ልክ ነው።

እኔ ኦሳካ ውስጥ አሥራ አምስት ዓመት ኖሬአለሁ፤ የምጫወተው ቹዛኦ የሚባለውን መካከለኛ አንገት ያለውን ነው። እህቴ፣ ሁለቱ ጥዝዝታዎችሽ ዝምድና የላቸውምና ለየብቻ እንያቸው።

ካሚጎማ የምትባለውን፣ ከመቃኛዎቹ ግርጌ ያለችውን ቀጭን ብረት ተመልከቺ። ሁለተኛውና ሦስተኛው አውታር በእሷ ላይ ያልፋሉ፤ አንደኛው ግን አያልፍባትም። በቀጥታ እንጨቱ ላይ ያርፋል፤ እንጨቱም እዚያ ቦታ ላይ ሆን ተብሎ ተፈልፍሏል። ጎድጓዳውን የሳዋሪ ሸለቆ፣ ከጎኑ ያለችውን እብጠት የሳዋሪ ተራራ ይሏቸዋል። ሳዋሪ «መንካት» ከሚለው ግሥ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። አውታሩ በተርገበገበ ቁጥር ተራራዋን ይልሳታል፤ ከዚያ ንክኪ ቀጫጭን ከፍተኛ ድምፆች ይወለዳሉ። የሻሚሰን ገላ ቆዳ ስለሆነ ድምፁ እንደ ከበሮ ቶሎ ይሞታል። ዕድሜ የሚሰጠው ሳዋሪ ነው።

ደግሞም አንደኛው አውታር ሳትመቺው ይዘምራል። ሦስተኛውን በባዶው ስትመቺ፣ ቅኝቱ ልክ ከሆነ፣ አንደኛው በራሱ ተነሥቶ ጥዝዝ ይላል። በሆንቾሺ ቅኝት ሦስተኛው ከአንደኛው አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል፤ በኒአጋሪ ቅኝት ደግሞ ሁለተኛው ከአንደኛው በአምስተኛ ድምፅ ርቀት ከፍ ብሎ ይቃኛል፣ እሱም ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ አሮጌ ተጫዋቾች የመቃኛ መሣሪያ አይመለከቱም፤ ሳዋሪው ሲመልስላቸው ቅኝቱ እንደገባ ያውቃሉ። ወረቀት ስትሰኪ ጥዝዝታውን ብቻ ሳይሆን ይህን ጆሮ ጭምር ነው የደፈንሽው።

ከጀርባ ያለችው ብሎን አዙማ ሳዋሪ ትባላለች። የጥንቱ ሳዋሪ እንጨቱ ላይ የተቀረጸ ስለነበር በእንጨት ሠሪ እጅ እንጂ አይስተካከልም ነበር፤ በአዙማ ግን ነኪዋ ቁራጭ ከፍና ዝቅ ትላለች። በጣም ትንሽ በትንሹ አዙሪያት። ከመጠን በላይ ከፍ ካለች ድምፁ ታንቆ ይቀራል፣ ዝቅ ካለች ይጠፋል። ልክ ስትሆን መጀመሪያ ንጹሑ ድምፅ ይወጣል፣ ጥዝዝታው ከኋላው ተከትሎ ያብባል።

አሁን ፈተናው። አንደኛውን አውታር በየትኛውም ቦታ በጣትሽ ተጭነሽ ምቺ። ጥዝዝታው ከጠፋ ሳዋሪ ነበር፤ ምክንያቱም የሚርገበገበው ክፍል ከጣትሽ በታች ስለሆነ ተራራዋን አይነካም። ተጭነሽውም ካልጠፋ ሌላ በሽታ አለ። ቀጥለሽ አንደኛውን በእጅሽ አፍነሽ ሦስተኛውን ያን ቦታ ተጭነሽ ምቺ። መንቀጫቀጩ ከቀጠለ ከሳዋሪ ጋር አይገናኝም ማለት ነው። ውጤቱን ጻፊልን።


ጊታር ጠጋኝ | እሑድ ማታ

በጣም አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። ሃያ ዓመት ጥዝዝታን እንደ ጠላት ሳሳድድ ኖሬ ለካ ሠርተው የሚያስገቡት ሰዎች አሉ። ለመጀመሪያው የሰጠሁትን ምክር አንሥቻለሁ፤ እህቴ፣ እንዳትከተዪው።


ሂሮሳኪ ያለችው | ሰኞ ማታ

ሁለታችሁንም ጋሼዎቼን እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንደኛውን ተጭኜ ስመታው ጠፋ። ባዶውን ስመታው ተመለሰ። ወረቀት የሰካሁባት ቦታ በቃ ሳዋሪ ናት።

ሁለተኛው ግን አለ። አንደኛውን በመዳፌ አፍኜ ሦስተኛውን ተጭኜ መታሁ፤ ተንቀጫቀጨ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ጣት ወደ ላይ ብወጣ ንጹሕ፣ ጣት ወደ ታች ብወርድ ንጹሕ። ድምፁም ከሳዋሪው ይለያል፦ የአንደኛው ክብ ነው፣ ይህኛው የላላ የመስኮት መስታወት ይመስላል።


ጊታር ጠጋኝ | ሰኞ ማታ

እንግዲህ ይኸኛው የእኔ አገር ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሆነ እንጨቱ እዚያ አልተስተካከለም። በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልሽ ማለስለስ ትችያለሽ።


ኦሳካ 15 ዓመት | ማክሰኞ ንጋት

እባክሽ፣ ብርጭቆ ወረቀት አትንኪ! ወንድሜም አይቀየመኝ፤ ይህን የምለው ራሴ አበላሽቼ ስላየሁት ነው።

ሻሚሰን እንደ ጊታር የብረት መስመር የለውም፤ አውታሩ በቀጥታ እንጨቱ ላይ ይጫናል። ጣትና ጥፍር ዓመታት ሲመላለሱ እንጨቱ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደረጃ ይበላል። ካንበሪ ይሉታል። ጥሩ አንገት ኮኪ ከሚባል እጅግ ጠንካራ ቀይ እንጨት የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ያም ሆኖ መበላቱ አይቀርም። ጣትሽ አውታሩን ጎድጓዳው ውስጥ ሲያስገባው፣ አውታሩ ወደ ገላው በኩል ሲያልፍ የጎድጓዳውን ከንፈር ይነካል። መንቀጫቀጩ ከዚያ ነው።

የዛሬ አሥር ዓመት ግድም የእኔም እንዲሁ ሆነ። ብርጭቆ ወረቀት ጣቴ ላይ ጠቅልዬ ሦስት ምሽት ፈገፈግሁ። ጣት ለስላሳ ነው፤ ጎድጓዳውን ተከትሎ ይገባል። ከንፈሩን የቀነስሁ እየመሰለኝ ጎድጓዳውን ረዘም አደረግሁት። አንድ ቦታ ላይ የነበረው ችግር ሦስት ቦታ ሆነ። ባለሙያው ዘንድ ስወስደው አንገቱን በመብራት ፊት ይዞ አሳየኝ፤ በብርሃኑ ላይ ውኃ ላይ እንዳለ ሞገድ ይታይ ነበር። አንደኛው ችግር ብቻ ቢሆን ከሚላገው እጥፍ እንጨት ተላገ። እንጨት ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። አንድ አንገት ሊላግ የሚችለው የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው፤ እኔ ከእነዚያ አንዱን በከንቱ በላሁበት።

ካንበሪ ነው ብለሽ ከመወሰንሽ በፊት ግን ቀላል ቀላሎቹን አጣሪ። አንገቱ ሦስት ቁራጭ ሆኖ የሚፈታ ነውና መጋጠሚያዎቹ በደንብ መግጠማቸውን ጥፍርሽን በላያቸው ላይ እየነዳሽ እዪ፤ ጥፍርሽ ከያዘ ደረጃ ተፈጥሯል፣ ፈትተሽ አጽድተሽ ግጠሚው። ቆዳው ላይ ባቺ የሚያርፍበት የተለጠፈች ቀጭን ቆዳ አለች፤ ጠርዟ ከተነሣ እሷም ትንቀጫቀጫለች፣ ብዙ ሰው አይጠረጥራትም። ኮማው፣ ማለትም ቆዳው ላይ የሚቆመው ብርኩማ፣ እግሩ ሙሉ በሙሉ ቆዳው ላይ ተቀምጧል? ቁመቱስ? ለጹጋሩ ብዙ ጊዜ ከ2.6 እስከ 2.8 ቡ ይጠቀማሉ፤ 1 ቡ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከ8 ሚሊ ሜትር ትንሽ ወዲህና ወዲያ ማለት ነው። ቆዳው በእርጥበት ሲላላ ኮማው ይሰምጣል፣ አውታሩም ወደ እንጨቱ ይቀርባል። ኦሳካ በሰኔና በሐምሌ ዝናብ ይህ የየዓመቱ ጣጣችን ነው። ያንቺ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ስለሆነ ኮማ አይመስለኝም፤ ኮማ ቢሆን ብዙ ቦታ ላይ ይሰማሽ ነበር።


ጊታር ጠጋኝ | ማክሰኞ

ምን ብዬ እቀየማለሁ፤ ተምሬአለሁ። በጊታር የእንጨቱ ፊት ቢበላ እንኳ የብረት መስመሩ ይሸከመዋል፤ እዚህ የሚሸከም ነገር የለም። ከእኔ ሙያ አንድ ነገር ብቻ ላካፍል፦ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ በጠርዙ አንገቱ ላይ አቁሚ፣ ከጀርባው ብርሃን ይኑር። ጎድጓዳ ካለ ብርሃኑ ከሥር ሾልኮ ይታያል። መንካት የለም፣ መላግ የለም፤ ማየት ብቻ።


ኦሳካ 15 ዓመት | ማክሰኞ

ይህ ጥሩ ዘዴ ነው። ወደ ገላው ሲቃረብ ግን አንገቱ ሆን ተብሎ ወደ ታች ይጎብጣል፤ የርግብ ደረት ይሉታል። ማስመሪያውን እስከዚያ አታድርሺው፣ አለዚያ የሌለ ጉድለት ያሳይሻል።


የናሃ ትዝታ | ማክሰኞ ማታ

ይቅርታ፣ ጥያቄ ልጨምር። ኦኪናዋ ስሠራ ሳንሺን ገዝቼ ነበር፤ አሁን ፍራንክፈርት ነኝ። የእኔም አንደኛ አውታር ጥዝዝ ማለት ጀምሯል። ሳዋሪ ነው ብዬ ልተወው?


ኦሳካ 15 ዓመት | ማክሰኞ ማታ

አይደለም። ሳንሺን የሻሚሰን አባት ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ከሪውኪዩ ደሴቶች፣ ከዛሬዋ ኦኪናዋ፣ እዚህ ኦሳካ አጠገብ ወዳለው ወደ ሳካይ ወደብ መጣ። እዚህ የተቀበሉት ቢዋ የሚባለውን ሌላ ባለ አውታር መሣሪያ የሚጫወቱ ሰዎች ነበሩ። ቢዋ ጥንቱንም ሳዋሪ ያለው መሣሪያ ስለሆነ ጆሯቸው የለመደውን አዲሱ መሣሪያ ላይ ጨመሩበት፤ መምቻውንም እንዲሁ። ሳንሺን ግን እንደ ጥንቱ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። ያንተ ጥዝዝታ ጉድለት ነው። የላይኛው መደገፊያ ላይ ያለው የአውታር መስመር ሰፍቶ ወይም ጠልቆ እንደሆነ ከዚያ ጀምር።


ሂሮሳኪ ያለችው | ረቡዕ ማታ

አየሁት!

መጋጠሚያዎቹ ደህና ናቸው። የተለጠፈችው ቆዳም አልተነሣችም። ዛሬ ጠዋት ውጭው በሙሉ በረዶ ስለነበር መስኮቱ እንደ ሸማ ነጭ ሆኖ ያበራ ነበር። አውታሮቹን አላልቼ ማስመሪያውን አቆምኩና ዓይኔን ከእንጨቱ ጋር እኩል አደረግሁ። ከላይ ጀምሮ ጥቁር፣ ምንም ብርሃን የለም፤ ከመካከል ዝቅ ሲል በሦስተኛው አውታር መንገድ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ብርሃን ሾለከች። ጣቴን ሳሳርፍባት ልክ የጣት ጫፍ ያዘች። ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጣት ነው። ማን እንደነበረ አላውቅም፤ ያቺን አንዲት ድምፅ ግን አብዝቶ ይወዳት ነበር። ለመጠገን ቸኩዬ የነበርኩትን ያህል ትንሽ ጊዜ ዝም ብዬ እጄን እዚያው አቆየሁት።

መምህሬን አስተርጓሚ ጓደኛዬ በስልክ አናገረቻቸው። የሚያውቁት ጠጋኝ እዚሁ ከተማ ውስጥ አለ፤ ቅዳሜ ይዘውኝ ይሄዳሉ። «ወረቀቷንም ይዘሽ ነይ» ብለዋል፤ ለምን እንደሆነ አልገባኝም።


ኦሳካ 15 ዓመት | ረቡዕ ማታ

በጣም ጥሩ። ጠጋኙ የአንገቱን ፊት ከላይ እስከ ታች እኩል ይልገዋል፤ ቀጥሎ በስለት ድንጋይ ያለሰልሰዋል። ፊቱ ስለሚወርድ ሳዋሪውም ይዛባልና እሱንም እንዲያስተካክልልሽ አስቀድመሽ ንገሪው። አንደኛ አውታርሽ ሐር ከሆነ ሳዋሪው የሚነካው ቦታ ላይ ጠፍጥፎና ተቦጫጭቆ እንደሆነ እዪው። አሮጌ አውታር ላይ የተስተካከለ ሳዋሪ አዲስ ሲታሰር ይለወጣል፤ ስለዚህ አዲስ አውታር ይዘሽ ሂጂ። ከሺጋ ግዛት፣ ከቢዋ ሐይቅ ሰሜን፣ ኪኖሞቶ ከሚባል ቦታ የሚመጣ የሐር አውታር አለ፤ ቢጫ ቀለሙ ከእርድ ነው፣ ክሮቹም በሩዝ ሙጫ ይያያዛሉ። ስትከፍቺው እናቴ ጓዳ የገባሁ ይመስለኛል።


ሂሮሳኪ ያለችው | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ

መሣሪያዬ ትናንት ተመለሰ። ዝምታዬ ስለረዘመ ይቅርታ።

ወረቀቷን ያስመጧት ለጠጋኙ ለማሳየት ነበር። ምን ያህል ውፍረት እንደሰካሁ አይቶ፣ ሳዋሪው ከቦታው ምን ያህል ተዛብቶ እንደነበር ገመተ። ለካ ስገዛው አዙማው ከልኩ በላይ ከፍ ብሎ ስለነበር ነው ድምፁ እንደ ዝንብ የሆነብኝ። ደስ የማይል ድምፅ መስማቴ ስሕተት አልነበረም፤ መድኃኒቱ ግን ማጥፋት ሳይሆን ሩብ ዙር ዝቅ ማድረግ ነበር።

አንገቱ ተልጎ ቀይነቱ ወጥቷል። ያቺ የሩዝ ፍሬ ብርሃን የለችም። ሦስተኛውን አውታር እዚያ ቦታ ተጭኜ ስመታ ንጹሕ ነው፤ ጎረቤቴ በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ ደጋግሜ መታሁት። አዲሱን ቢጫ አውታር መምህሬ ራሳቸው አሰሩልኝ። ሳዋሪውን ግን ለእኔ ተዉት። ብሎኗን ስነካ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀመጡ፤ አልፌ ስሄድ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ስመለስ ዝም ይላሉ። ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። አንድ ቦታ ላይ ሦስተኛውን በባዶው ስመታ አንደኛው በራሱ ተነሣ። ዓይናቸውን ገለጡ።

ጋሼ ሰላሌ፣ አንድ ደቂቃ ቀርጬ አያይዣለሁ። ዜማ የለውም፤ ባዶ አውታሮቹን ብቻ ነው የመታሁት።


የሰላሌው በገና | እሑድ ማታ

ልጄ፣ ሰማሁት። ሁለት ጊዜ በስልክ፣ አንድ ጊዜ በልጄ ኮምፒውተር። የእኛው ጥልቅ ነው፣ ያንቺው ስል ነው፤ ከመታሽ በኋላ ዘግይቶ መምጣቱ ግን አንድ ነው። አርባኛው ሴኮንድ ላይ የመታሽውን ስሚው፤ እዚያ ላይ ትንሽ ታንቋል። ብሎኗን አንድ ፀጉር ታህል መልሺያት።


ሂሮሳኪ ያለችው | እሑድ ሌሊት

መለስኳት፣ አባቴ። ልክ ነበሩ።